የቄሱ ልጅ ሀዲስና የፊታውራሪው ልጅ ሰብለ

ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፍልን ተብዬ ስታዘዝ፣ የኮሚቴው አባላት በልባቸው የያዙት ከእኛው ግቢ የወጣ ሳይንቲስት ወይም የሕግ ሰው ሳይሆን አልቀረም። እኔ ግን አንድም ቀን ተማሪ ሆነው ስድስት ኪሎ ያልተቀመጡ ሰው መረጥሁ። ምክንያት አለኝ። ከባቾቻችን መካከል ዲግሪውን በምሕንድስናም ያግኘው በሒሳብ፣ በጤናም ይሁን በሕግ፣ በዛብህን፣ ሰብለንና ጉዱ ካሳን የማያውቅ አለ ብዬ አላምንም። የደራሲውን ሕይወት ግን ብዙዎቻችን በቅጡ አናውቀውም። ከመጽሐፉ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፎቶግራፍ አይተን፣ ክቡር ዶክተር የሚለውን ማዕረግ አንብበን፣ እዚያው ላይ ቆመናል። ያንን የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው የእኛው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን ስታስቡ ደግሞ ሰውየው በአንድ በኩል የእኛው ምሩቅ ናቸው ማለት ይቻላል። በክብር የተመረቁ፣ የዶርም ሽሮ ያልቀመሱ ምሩቅ!

ሀዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ቦታ ነው። አባታቸው አባ ዓለማየሁ ሰሎሞን ቄስ፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ነበሩ። የቄስ ልጅ መሆን በዚያ ዘመን ጎጃም ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ የገጠር ልጆች ታውቁታላችሁ። የካህን ቤት የድሃ ቤት አይባልም፤ የጌታ ቤትም አይደለም። ጌቶቹ ያከብሩታል፣ በማዕዳቸው ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡታል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። መሀል ላይ የቆመ ቤት ነው። ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ ሁለቱንም ወገን ያያል፤ የጌታውን አዳራሽም የገበሬውን ጎጆም ደጃፉን አልፎ ይገባል። ኋላ የጻፉት ልብ ወለድ ዓይኑን ያገኘው ከዚህ ቦታ ይመስለኛል።

እንደ ደብር ልጅ ሁሉ ትምህርት የጀመሩት ከፊደልና ከዳዊት ነው። ከዚያም ጎጃም በዜማና በቅኔ የታወቀባቸውን ጉባኤዎች እየዞሩ ተማሩ፤ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል መቼም ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ የሚያድር፣ ሌሊት ግን ቅኔ የሚቆጥር ልጅ ነው። ይህ ልጅ በየጌታው ደጅ ይቆማል። ከጌታ ቤት የምትወጣ ልጃገረድ እንጀራ ይዛ ስትመጣ ያያታል። በዛብህ የተባለው ልጅ ከዬት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ ከዚያ ደጅ ነው የምለው።

ዲማን ልብ በሉልኝ። ፊታውራሪ መሸሻ ሰብለ ወንጌልን ይዘው የሚኖሩት እዚያው ዲማ ነው። ደራሲው ቦታውን የገለጹት ከካርታ ላይ አንስተው አይደለም፤ ጥላውንም ጭቃውንም ያውቁታል። ማንኩሳም እንዲሁ፤ መጽሐፉ የሚከፈተው በማንኩሳ ነው። የማንኩሳውን መክፈቻ ተማሪ ሳለን ረዘመብን ብለን ብዙዎቻችን ዘለነው ነበር። አሁን በስተርጅና ስመለስበት ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የማልሰለቸው እሱን ሆኗል።

ሀዲስ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ገቡ። መጀመሪያ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. የተከፈተ፣ ከስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስበት ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ አጥሩን ያውቀዋል። የቅኔ ልጅ እዚያ ገብቶ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ሲማር፣ ከመኳንንት ልጆች ጎን ሲቀመጥ፣ የመጀመሪያውን የመደብ ትምህርት የወሰደው ከመምህር ሳይሆን ከወንበር ጓደኛ ሳይሆን አይቀርም። ገና ተማሪ ሳሉም ለመድረክ የሚሆን ቴአትር ጽፈዋል፤ ርዕሱ ላይ ሳይቀር ጋብቻ የሚል ቃል አለ። ማን ማንን ያገባል የሚለው ጥያቄ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተከተላቸው ነገር ነው ማለት ነው።

ከትምህርት በኋላ ወደ ጎጃም ተመልሰው በዳንግላ በጉምሩክ ሥራ፣ ከዚያም በማስተማር አገለገሉ። ዘመኑን አስታውሱ። ጎጃምን ለረጅም ጊዜ የገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ተሽረው በምትካቸው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የተሾሙበት ጊዜ ነው። ራስ ኃይሉ በግብር አሰባሰብ የታወቁ፣ ሀብታቸው ብዙ የተወራለት ገዢ ነበሩ። ራስ እምሩ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጌታ ሆነው ተገኙ፤ ኋላ ርስታቸውን ለጭሰኞቻቸው ያከፋፈሉ፣ ለዚህም ቀዩ ራስ የሚል ስም ያወጣላቸው መስፍን ናቸው። ወጣቱ ሀዲስ ሁለቱንም አገዛዝ በአንድ አገር ላይ በተከታታይ ማየታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ጌትነት ከሰማይ የወረደ ሥርዓት ሳይሆን የሰው ሥራ መሆኑን፣ ሰው ሲቀየር የሚቀየር መሆኑን ያዩበት ይመስለኛል።

ጣልያን ሲመጣ ሀዲስ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘመቱ። ሽሬ ላይ የሆነውን ታሪክ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጦሩ በተፋለመ ጊዜ ከሰማይ የመርዝ ጋዝ ይዘንብበት ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ጎሬ ገቡ፤ ጥቁር አንበሳ በሚል ስም የተሰባሰቡት ወጣት መኮንኖችና የተማሩ ልጆችም ተቀላቀሏቸው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጅ ሰጡ። ሀዲስም ተማርከው ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ፤ በመጀመሪያ ፖንዛ ደሴት፣ ኋላም ሊፓሪ። ሰባት ዓመት ገደማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ሳላደርግ አላልፍም። በ1935 ዓ.ም. ክረምት ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ ካሰሩበት ቦታ አንዱ ይኸው ፖንዛ ነበር፤ ያረፈበትም ቤት ራስ እምሩ ታስረውበት የነበረው እንደሆነ ይነገራል። ጎጃሜው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ሀዲስ ግን ትዝታ በተባለው መጽሐፋቸው ያንን የጦርነትና የግዞት ዘመን ሲጽፉ የደስ ደስ የሚል ፉከራ አያበዙም። ከጠላት ይልቅ የራስን ወገን ድክመት፣ የመሳፍንቱን ፉክክር፣ የዝግጅት ጉድለቱን በሰፊው ያነሳሉ። ለእኔ ያ መጽሐፍ የልብ ወለዱ ቁልፍ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በጀግንነታቸው የሚኩራሩ፣ የዘራቸውን ቁጥር በቃላቸው የሚያወርዱ፣ ነገር ግን ጊዜው ጥሏቸው የሄደ ሰው ናቸው። ሽሬ ላይ በአውሮፕላን ፊት ጎራዴ ይዞ የቆመ መኳንንት ያየ ሰው ብቻ ነው ፊታውራሪ መሸሻን እያሳቀም እያሳዘነም መጻፍ የሚችለው።

ከነጻነት በኋላ ያለውን ሹመት በአጭሩ ልለፈው፤ ለመጽሔት የሚበዛ ዝርዝር ነውና። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፤ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት ኢትዮጵያን ወከሉ፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍ ያለ ቦታ ደረሱ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ፤ ከዚያ በለንደን አምባሳደር፣ ሲመለሱም የፕላንና ልማት ሚኒስትር፣ በመጨረሻም እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል። ወይዘሮ ክበበ ፀሐይ በላይን አግብተው ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላም ብቻቸውን ኖሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። አስቡት፤ የመጽሐፉ ደራሲ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሚኒስትር ናቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957፣ የዚሁ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። ከእናንተ መካከል ታላላቆቻችን በዚያ ሰልፍ የነበሩ፣ በዱላ የተባረሩ አሉ። እንግዲህ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ ወገን ጎዳና ላይ እየጮኸ፣ ሌላው ካቢኔ ውስጥ ተቀምጦ አምስት መቶ ገጽ የሚያልፍ ልብ ወለድ እያሳተመ ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ። የሚገርመው የጎዳናውን ጩኸት መንግሥት ሰምቶ ሲደነግጥ፣ መጽሐፉን ግን የፍቅር ታሪክ ነው ብሎ አሳለፈው።

የፍቅር ታሪክ መሆኑ እርግጥ ነው። ላላነበባችሁ (ካላችሁ ይፈርድባችኋል!) ባጭሩ እንዲህ ነው። ውድነሽ በጣሙ ከደህና ቤት የተወለደች ሴት ናት፤ ቦጋለ መብራቱ ደግሞ በሰው ቤት ያደረ ድሃ። ሁለቱ ተጋቡ። ልጃቸው በዛብህ ቢታመምባቸው ከዳነ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እናደርገዋለን ብለው ተሳሉ። ልጁ ዳነ፤ ስለቱም ተከተለው። በዛብህ ድምፀ መልካም ደብተራ ሆኖ ዲማ ደረሰ፤ ፊታውራሪ መሸሻም ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ቤታቸው አስገቡት። ሰብለ የማግባት ዕድሜዋ እያለፈ ነው፤ አባትየው ለዘራቸው የሚመጥን ሰው አጥተው የመጣውን ሁሉ መልሰዋል። ፊደል መሀል ፍቅር ገባ። ሲታወቅ በዛብህ ሸሸ፤ ሰብለ መነኩሴ መስላ በእግሯ ተከተለችው፤ ስታገኘው ሽፍታ አቁስሎት ሊሞት ነው። እሱ ሞተ፤ እሷ መነኮሰች፤ በኋላ እሷም፣ የቀረበቻት ብቸኛው ዘመዷ ጉዱ ካሳም እዚያው ከጎኑ ተቀበሩ።

አሁን በዚህ ታሪክ ውስጥ የመደቡን ነገር ማየት የሚፈልግ ሰው ሰብለንና በዛብህን ብቻ ባይመለከት ደስ ይለኛል። በመጀመሪያ የውድነሽንና የቦጋለን ጋብቻ ይመልከት። ደራሲው መጽሐፉን በእነሱ መጀመራቸው እንዲያው ለመንደርደሪያ አይደለም። እዚያ ከፍ ያለችው ሴት ዝቅ ያለውን ወንድ አገባችው፤ ሰማይ አልተደፋም፤ ድሃ ሆነው፣ ተቸግረው፣ ተፋቅረው ኖሩ። ማለትም አጥሩ ሊዘለል የሚችል መሆኑን በመጀመሪያው ምዕራፍ አሳይተውናል። ከዚያ በኋላ የልጃቸውን ሕይወት የዘጋው አጥሩ ሳይሆን በአጥሩ ላይ የቆመው ሰው ነው። ይህን ስል አንዳንድ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ባልደረቦቼ አይስማሙም፤ የበዛብህን ዕጣ የወሰነው ስለቱ ነው፣ ነገሩ መንፈሳዊ ነው ይላሉ። ስለቱ ክብደት እንዳለው እኔም አልክድም። ነገር ግን ስለቱ ሰው ከፈቀደ በካህን የሚፈታ ነገር ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻን አጥንት ቆጠራ ግን የሚፈታ ካህን አልነበረም።

ሁለተኛ ገበሬዎቹን ይመልከት። አበጀ በለው የሚባለው ሰው የፊታውራሪውን ከልክ ያለፈ ግብር እምቢ ያሉትን ባላገሮች አስተባብሮ ጌታውን ይማርካል። እዚህ ላይ አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ በተለይ ከደቡብ ለመጣችሁ። የጎጃም ገበሬ በአብዛኛው ባለርስት ነው እንጂ በጌታ መሬት ላይ የተቀመጠ ጭሰኛ አይደለም። መሬቱ የራሱ የዘሩ ነው። ጌታው የተሰጠው ጉልት ነው፤ ይኸውም ከመሬቱ ግብሩን፣ አሥራቱን፣ የበዓል መተያያውን፣ ጉልበቱን የመቀበል መብት። ስለዚህ በጎጃም ጭቆናው በመሬት ንጥቂያ ሳይሆን በስጦታ መልክ ነው የሚመጣው። ለገና ይሄን አምጣ፣ ለፋሲካ ያን ጨምር እየተባለ። እምቢታውም ስለዚህ መሬት ስጡኝ የሚል ሳይሆን የአባቴን አትንኩ የሚል ነው። ደራሲው ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ገበሬዎቻቸውን የስድስት ኪሎ ተማሪ አስመስለው አላናገሯቸውም።

ደግሞም ሦስት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ እውነት ሆነ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ መሣሪያ አነሣ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ልኮ በመጨረሻ ወደኋላ ለማለት ተገደደ። መጽሐፉ ነው ያነሣሣው አልልም፤ የጎጃም ገበሬ ለመሸፈት ልብ ወለድ አያስፈልገውም። ግን ሚኒስትሩ ሀዲስ አገራቸውን ከመንግሥታቸው በተሻለ ያውቁት እንደነበር ይህ ይመሰክራል።

እንግዲህ የሚያከራክረን ጥያቄ ይመጣል። ጉዱ ካሳን የጻፈ ሰው፣ ያንን ሥርዓት ከሥሩ የሚነቅል ንግግር በአንድ በተገፋ ምሁር አፍ ያስቀመጠ ሰው፣ እንዴት ለሠላሳ ዓመት ያንኑ ሥርዓት በሹመት አገለገለ? በተማሪነታችን ዘመን ይህ ጥያቄ በካፌም በዶርምም ይነሣ ነበር። አድርባይ ናቸው የሚል ነበር፤ ከውስጥ ሆነው የታገሉ ናቸው የሚልም ነበር። እኔ የደረስሁበት ይህ ነው። ሰውየው ተሐድሶን የሚያምኑ፣ አብዮትን የሚፈሩ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል ብለው መጽሐፍ አወጡ፤ ይህ የሚያሳየው ለውጥ በንግግርና በሕግ ሊመጣ ይችላል ብለው እስከ መጨረሻው ድረስ ተስፋ ያደርጉ እንደነበር ነው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቦታ ቀርቦላቸው እንዳልተቀበሉ በሰፊው ይነገራል። ያ እምቢታ ብቻውን ለአድርባይነቱ ክስ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ልብ ወለዱም ውስጥ ቢሆን የደራሲው ፍርሃት ይታያል። አበጀ በለው አሸንፎ አገሩን አላቃጠለም። ጉዱ ካሳ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይናገራል፣ ሰው ግን አይከተለውም፤ እብድ ይሉታል። ከምሁሩ ጋር ገበሬው አይገናኝም። ይህን ክፍተት እኛ በኋላ በደማችን አይተነዋል፤ የዚያ ዘመን ጓደኞቻችሁን ስም እያሰባችሁ ይህን የምታነቡ ትረዱኛላችሁ።

ስለ አጻጻፋቸውም ትንሽ ልበል፤ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ልጆች እንዳትቀየሙኝ። ሀዲስ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ስለ ፊደላችን ተከራክረዋል፤ አንድ ድምፅ ላላቸው ሞክሼ ፊደላት አንዱ ይበቃል ብለው፣ በጽሑፋቸውም ያንኑ ተከትለዋል። የሚጠብቀውን ፊደልም በአናቱ ላይ ምልክት እየጣሉ ለይተዋል። የቅኔ ተማሪ የነበረ ሰው ሞክሼዎቹን ሲጥል ለደብተራዎቹ ድፍረት ነበር። የራሳቸውን ስም እንኳ በሐመሩ ሐ ሳይሆን በሃሌታው ሀ ነው የሚጽፉት። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ በየጋዜጣው በሦስት ዓይነት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሐሳባቸውን አገሩ አልተቀበለውም፤ እኔም ራሴ ይህን ጽሑፍ በሞክሼዎቹ ነው የጻፍሁት። ግን ምልክቷ ጠቃሚ ነበረች፤ አለ እና አለ ብለን ስንት ጊዜ ተደናግረናል!

መጽሐፉን ከአንባቢ ይልቅ ለአድማጭ ያደረሰው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ ከመጻሕፍት ዓለም በተሰኘው ዝግጅት ሲተርከው፣ ዶርም ውስጥ አንዲት ሬዲዮ ላይ አሥራ ሁለት ጭንቅላት ተደፍቶ ይሰማ ነበር። የፊታውራሪ መሸሻ ድምፅ ለእኛ የወጋየሁ ድምፅ ነው፤ ሌላ ድምፅ ልንሰጣቸው አንችልም። በቅርብ ዓመታት ለቴሌቪዥን ሲሠራም ልጆቼ ወደዱት፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማየው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ከዶርም ዘመን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም፣ ባለጉዳዮቹ ፈቅደውልኛል። ከባቻችን አንድ ልጅ የሸማኔ ልጅ ነበር። ከአንዲት የባላባት ልጅ ጋር በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ይጀመራል፤ እንደ ሁሉ ነገራችን። ጊዜው የመሬት አዋጅ ከወጣ፣ ባላባት የሚባል ቃል ከስድብ ከተቆጠረ ዓመታት ያለፉበት ነው። የልጅቷ አባት መሬት የላቸውም፣ ማዕረግ የላቸውም፣ ቤታቸውም ተወርሷል። የቀራቸው አጥንት ብቻ ነበር፤ እሱንም ለሸማኔ ልጅ አልሰጥም አሉ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ልጆቹ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ተጋቡ፤ ምስክር ከነበርነው ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። አባትየው እስኪሞቱ ድረስ የልጃቸውን ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ሁለቱ ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራሉ፣ ሦስት ልጅ አድርሰዋል። በዘንድሮው መገናኛችን ይመጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አዋጅ መሬቱን ከወሰደ በኋላም አጥንት ቆጠራው የቀረው ለምንድን ነው? ሀዲስ በ1958 የጻፉት ልብ ወለድ ለዚህ የሚሰጠው መልስ አለ። ፊታውራሪ መሸሻን ያሠራቸው ሀብታቸው አልነበረም። ከሀብቱ የሚበልጥባቸው ቁጥሩ፣ ከማን ተወልጄ ማለቱ ነበር። ሀብት በአዋጅ ይወረሳል። ያኛው ግን በእናትና በአባት አፍ፣ በምሳ ላይ፣ በልጅ ፊት የሚነገር ስለሆነ የሚወረስበት መንገድ የለም።

በማስተምርበት ግቢም ይህን በየዓመቱ አየዋለሁ። ተማሪዎቼ ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ይስቃሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ድሮ ቀረ ይላሉ። ታዲያ ወረቀት አድላቸውና ስም ሳይጽፉ፣ ቤተሰባችሁ በጭራሽ የማይቀበለው ምራት ወይም አማች ከየትኛው ወገን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ዝም ይላል። ባዶ ወረቀት የሚመልስ ተማሪ ገና አላጋጠመኝም።

በመጽሐፉ ላይ ቅሬታ የለኝም አልልም። ደራሲው ከሰብለ ይልቅ በዙሪያዋ ያሉት ወንዶች እንዲናገሩ በጣም ይፈቅዳሉ፤ ጉዱ ካሳ አንድ ገጽ ሲይዝ እሷ አንድ መስመር ታገኛለች። ነገሩ የሚለወጠው የመነኩሴ ልብስ ለብሳ መንገድ ስትጀምር ነው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ የእሷ ነው። የፊታውራሪ ልጅ፣ ከእልፍኝ ወደ አዳራሽ በአጃቢ የምትሄድ ልጅ፣ ብቻዋን በእግሯ፣ ለምና እየበላች አባይን ተሻገረች። የአባቷ ዘር ቁጥር ያበቃው መንገድ ላይ ነው፤ ማንም የማን ልጅ ነሽ አላላትም። ወላጆቿ ሳይሆኑ መንገዱ ነው እኩል ያደረጋት። ይህን ክፍል ሳነብ ያ የቆሎ ተማሪ፣ አኩፋዳውን አንግቦ በየደጁ የቆመው ልጅ፣ የጌታዋን ልጅ በእሱ ቦታ አቁሞ ያያት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሀዲስ ወንጀለኛው ዳኛን በ1974፣ የልምዣትን በ1980 አሳተሙ። ሁለቱም የራሳቸው አንባቢ አላቸው፤ ወንጀለኛው ዳኛ በተለይ ሕግ ትምህርት ቤት ለነበራችሁ ይመከራል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ በመጀመሪያው ጥላ ሥር የቀሩ መጻሕፍት ናቸው። ደራሲው በዚህ ሳይከፉ አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ።

ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ዘጠናውን ተሻግረው ዐረፉ። ሦስት መንግሥት አይተዋል። ዛሬ በትውልድ አገራቸው፣ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ በስማቸው የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ። ልጅ አልተዉም፤ ግን በየመንደሩ ሁሉን አይቶ የሚናገርና ሰው የማይሰማው አንድ ጉዱ ካሳ ይገኛል፤ ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው።

አንድ ማስታወሻ። በመገናኛችን ዕለት ከሰዓት በኋላ የድሮ መጻሕፍት ትርኢት ይኖረናል። የ1958ቱ የመጀመሪያ እትም በእጁ ያለ፣ ሽፋኑ የተቀደደም ይሁን በቡና የረጠበ፣ ይዞ ብቅ ይበል። እኔ ያለኝ አራተኛ እጅ የተገዛ ነው፤ የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ገጾች የሉትም፣ የሰብለን ሞት ቀዶ የወሰደው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።